የቅንጬ አረም አለርጂና የጸረ ሂስታሚን ወሰን

በቆቦና በራያ ቆላ የማሽላ ማሳን የወረረው ፓርቴኒየም፣ በተለምዶ አጠራሩ ቅንጬ አረም፣ ብዙውን ጊዜ የሚነቀለው በባዶ እጅ ነው። የሚያስከትለው ሕመም ሁለት ዓይነት ነው። የአበባው ብናኝ ወደ አፍንጫ ሲገባ ማስት ሴሎች ሂስታሚን ይለቃሉ፤ ማስነጠሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይከተላል፤ ኤች 1 ተቀባይን የሚዘጉት ሎራታዲንና ክሎርፌኒራሚንም እዚህ ላይ ይሠራሉ። በእጅ፣ በአንገትና በፊት ላይ የሚወጣው የቆዳ ቁጣ ግን የተለየ ነው። ፓርቴኒን የተባለው ውህድ የሚቀሰቅሰው ቲ ሴሎችን ነው፤ ምልክቱም የሚጎላው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ለዚህኛው ክሎርፌኒራሚን፣ ለሌሊት እንቅልፍ ካልረዳ በቀር፣ ብዙም አይፈይድም።

ይህ ልዩነት በድኅረ ምረቃ ጥናቶች ውስጥ ይደበዝዛል። የባህል መድኃኒት ዕፀዋት የጸረ ብግነት ኃይል በአብዛኛው የሚፈተሸው ካራጂናን በተወጋ የአይጥ መዳፍ ነው። የዚያ እብጠት የመጀመሪያ ምዕራፍ የሂስታሚንና የሴሮቶኒን፣ ቀጣዩ የፕሮስታግላንዲን ሥራ ነው። በሰዓታት የሚያበቃ እንዲህ ያለ ሙከራ ስለ ገበሬው የከረመ የቆዳ ሕመም የሚናገረው ጥቂት ነው። ለራያ የሚበጀው ዘግይቶ የሚነሣውን የንክኪ አለርጂ በራሱ በፓርቴኒን በአይጥ ቆዳ ላይ ቀስቅሶ ዕፀዋቱን በዚያ መመዘን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታወቀው ኤች 4 ተቀባይ በቲ ሴሎችና በኢዎሲኖፊሎች ላይ ስለሚገኝ ለቆዳ ብግነት ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ሆኖም ከእጩ መድኃኒቶቹ አንዱ በነጭ የደም ሴል መመናመን ሳቢያ ተቋርጧል። እስከዚያው ጓንትና የስቴሮይድ ቅባት ከክኒኑ ይቀድማሉ።