የሰው ቁስል የምታጥበው የማን ልጅ ትሁን?

 

ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አንድ የሰፈራችን አባት ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ልጃቸው ጂማ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳለች፤ የትምህርት ክፍል ስትመርጥም ነርሲንግን አስቀድማ ጽፋለች። «የሰው ቁስል እንድታጥብ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኳት?» አሉኝ።

«ሐጂ፣» አልኳቸው፣ «ባለቤትዎ የመጨረሻዋን ልጅ ሲወልዱ ‹ወንድ አዋላጅ አይገባም› ብለው በር ላይ የቆሙት እርስዎ አልነበሩም?»

ዝም አሉ። እርሳቸው ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። ሁላችንም ለሚስቶቻችንና ለእናቶቻችን ሴት ሐኪም፣ ሴት አዋላጅ፣ ከተቻለም ሙስሊም እንፈልጋለን። የምትማረው ግን የጎረቤት ልጅ እንድትሆን ነው የምንሻው።

ቁስል ማጠብ ነውር ቢሆን ኖሮ ሶሐቢያት ባልቀደሙን ነበር። በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ክንዳቸውን በቀስት ሲመቱ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቅርብ እየተመላለሱ እንዲጠይቋቸው ድንኳናቸው በመስጂድ ውስጥ እንዲተከል አዘዙ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ድንኳኑ ቁስለኞችን ታክም የነበረችው የሩፈይዳ ነበር። ኡሙ ዐጢያም (ረ.ዐ.) በሰባት ዘመቻዎች ተከትላ ምግብ ታዘጋጅ፣ ቁስለኛ ታክም ነበር። ኢማም አል-ገዛሊም ሕክምናን ከፈርዱል ኪፋያ ቆጥረውታል፤ የሚበቃ ሰው ከያዘው ከሌላው ይነሳል፣ ማንም ካልያዘው ግን ኃጢአቱ የሁሉም ነው። በእኛ ሴቶች በኩል የሚበቃ ሰው ይዞታልን?

ልጅቱ የምትማርበትን ቦታ ደግሞ እንመልከት። የጂማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም የተያዘው መንገድ ተማሪውን በክፍልና በሆስፒታል አጥር ብቻ ላለማስቀመጥ ነበር። በ1999 ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ይኸው መንገድ አብሮት ሄደ። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ አንድ ቀበሌ ይወርዳሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ መጸዳጃ ቤት መኖሩን፣ ሕፃኑ መከተቡን፣ እናቲቱ የት እንደወለደች ጠይቀው ይመዘግባሉ። የሰበሰቡትን ቆጥረው ዋናውን ችግር ይለያሉ፤ ከነዋሪው ጋር መክረውም የሚቻለውን ይሞክራሉ። በመጨረሻው ዓመት የነርሲንግ፣ የሕክምና፣ የላብራቶሪና የፋርማሲ ተማሪዎች በአንድነት ጤና ጣቢያ ተመድበው ይሠራሉ። ምርምር ሲባል መነጽር ያደረጉ ሰዎች በማይክሮስኮፕ የሚሠሩት ብቻ ይመስለናል፤ ይህ ግን በጭቃ መንገድ በእግር የሚሠራ ምርምር ነው።

እዚህ ላይ ነው የሐጂ ልጅ የምታስፈልገው። አንዲት የገጠር እናት ለምን ጤና ጣቢያ እንደማትወልድ ለወንድ ጠያቂ የምትነግረው አንድ ነገር ነው፤ ሒጃብ ለብሳ በኦሮምኛ ሰላም ብላት አጠገቧ ለተቀመጠች ልጅ የምትነግራት ሌላ ነው። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ ወሊድ በጤና ተቋም የተፈጸመው 5 ብቻ ነበር። በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ደረሰ። አልሐምዱሊላህ፣ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም በ2016ቱ ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች 412 ነበሩ። ቤት ከቀሩት መካከል ስንቶቹ «ወንድ ያየኛል» ብለው ይሆን? ይህን ጠይቆ የሚጽፍልን ከእኛው ቤት ካልወጣ ከየት ይመጣል?

የአባትየውን ስጋት አላናንቅም። የሌሊት ተራ አለ፣ ወንድ በሽተኛም አለ። ዑለሞቻችን ለችግር ጊዜ በልኩ የፈቀዱትን አባትና ልጅ አብረው ቢጠይቁ ይሻላል፤ ስለ አለባበስም ልጅቱ ልምምድ ከመጀመሯ በፊት ትምህርት ክፍሉን ብትጠይቅ መልካም ነው። አባት የልጁን ስልክ አለማንሳት ግን መፍትሔ አይደለም። ሐጂ ለሦስት ቀን ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ትናንት ከዒሻ በኋላ እንደገና አገኘኋቸው። ተደዋውለዋል። ስለ ትምህርቱ አንድም ቃል አላነሱም፤ «ያ ነጭ ጋውን የግድ ከዚያው ይገዛል ወይስ እዚህ ረዘም አድርጌ ባሰፋላት ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ።