ሌሊት ሽንት የሚያመልጣቸው አረጋውያንና መኝታቸው

የባለቤቴ አክስት የሚኖሩት እንፍራንዝ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ለጥምቀት ጎንደር ልጃቸው ቤት ሳይመጡ ቀሩ። ሲጠየቁ «ጉልበቴን ያመኛል» ይላሉ። ለተዝካር ሄጄ እሳቸው ዘንድ ሳድር ነገሩ ገባኝ። መደቡ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፈው፣ በላዩ አሮጌ ነጠላ ጣል አድርገው ነው የሚተኙት። ልጃቸው የገዛላቸው የስፖንጅ ፍራሽ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከቀትር በኋላ ውኃ አይቀምሱም። «ሰው ቤት አድሬ ፍራሽ ከማበላሽ ብቀር ይሻለኛል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

በነርስነት ዘመኔ ይህን ደፍሮ የነገረኝ በሽተኛ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምሰማው ከምራት ወይም ከልጅ ነበር፤ ያውም ፍራሹ ከተበላሸ በኋላ። ድሮ በጀንዲ ሲተኛ ቆዳው ተወልውሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር። ስፖንጅ ግን ይመጥጣል፤ አንዴ ከገባበት ሽታው በቀላሉ አይለቅም።

ጆንያው አይበጅም፤ ያሳልፋል፣ የአረጋዊ ቆዳም ይሻክራል። በሜትር የሚሸጠውን ወፍራም የጠረጴዛ ላስቲክ ገዝተን ፍራሹን ሸፈንን፤ ጠርዙን ከሥር አስገባን። በላዩ አንሶላ አነጠፍን። ከዚያ ሁለተኛ ላስቲክ ከወገብ እስከ ጉልበት በሚደርሰው ቦታ አግድም፣ በእሱም ላይ የታጠፈ አሮጌ ጋቢ። ሌሊት ሲርስ የላይኞቹን ሁለቱን ብቻ ማንሳት ነው፤ ከሥር ደረቅ መኝታ ይጠብቃል። ማንንም መቀስቀስ አያስፈልግም። ላስቲክ ግን ገላን እንዳይነካ፤ ያልባል፣ ቆዳ ያቆስላል። የረጠበ ገላ በለብታ ውኃ ታጥቦ፣ ሳይፈተግ ደርቆ፣ ቫዝሊን ይቀባ።

የራሰውን ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቆ ከዚያ በሳሙና ማጠብ ነው። ሽንት ባለበት ጨርቅ ላይ በረኪና አታፍስሱ፤ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል። ስፖንጁ ከረጠበ በደረቅ ጨርቅ ተጭናችሁ አውጡለትና ፀሐይ ላይ አቁሙት።

ውኃ መከልከሉ ግን ያናድደኛል። ሽንት ሲወፍር ፊኛን ይቆጣል፣ ሽታውም ይብሳል፣ ድርቀት ይመጣል፤ ድርቀት ራሱ ደግሞ ሽንት ያስመልጣል። ቀን በደንብ ይጠጣ፤ ከእራት በኋላ ይቀነስ፤ ቡናና ጠላ በምሽት ይቅር። ፖፖና ባትሪ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጡ።

ሽንት ማምለጥ የእርጅና ጣጣ ብቻ ነው ብላችሁም አትተዉት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ስኳር፣ ለወንዶች ፕሮስቴት ሊሆን ይችላል። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት ኪኒን ማታ የሚወስዱ ካሉ ወደ ጠዋት ይዛወር እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ በራሳቸው ግን አያቁሙት። ከወሊድ ጀምሮ ቀንም ሌሊትም የሚፈሳት ሴት ካለች ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል በነፃ ያክማል፤ ዘመኑ ረዝሟል ተብሎ አይቀርም።

አክስታችንን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ስኳር ተገኘባቸው። ያንን ሁሉ ጊዜ ውኃ ጥማቸውን ችለው ኖረዋል።

ዘንድሮ ለከተራ መጡ። ላስቲካቸውን በፌስታል አጣጥፈው ይዘዋል። በማግስቱ ጠዋት ጋቢያቸው ከልጅ ልጆቻቸው ልብስ ጋር ገመዱ ላይ ተሰጥቶ አየሁት፤ እሳቸው ታቦቱን ለማየት ቀድመውን ወጥተዋል።