የኮሪያን ኑድል ከመርገማችን በፊት ስለ ኮረሪማ እንነጋገር

"ባህላችን በኮሪያ ኑድል ተወረረ" የሚል ጽሑፍ በየቻናሉ ማንበብ ለምደናል። ወጣቶቹ ፓኬቱን ቀድደው፣ እንባና ላብ እየተቀላቀለባቸው፣ እየበሉ ራሳቸውን ይቀርጻሉ። ታላላቆች ደግሞ "በአገራችን በርበሬ ጠፍቶ ነው?" ብለው ይቆጣሉ። በዚህ ክርክር ከወጣቶቹ ጋር ነኝ። ይብሉ! ቁጣውን ግን አልጠላውም፤ የምጠላው ያረፈበትን ቦታ ነው።

መጀመሪያ ምግቡን እንወቀው። ቡልዳክ የሚባለውን የሚያቃጥል ኑድል ሳምያንግ የተባለው ኩባንያ ያወጣው በ2012 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉትን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ)። በ2024 ዴንማርክ "ማቃጠሉ በዛ" ብላ ሦስት ዓይነቱን ከገበያ አስወጣች፤ ከአንድ ወር በኋላ ሁለቱን መለሰች። ኩባንያው ከፍሎም ቢሆን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አያገኝም ነበር።

የኮሪያን ማዕድ በቡልዳክ መለካት ግን የእኛን በሚጥሚጣ ብቻ እንደ መለካት ነው። ደህና የኮሪያ ቤት ከገባችሁ ቶክቦኪን ቅመሱ፤ ጣት የሚያካክል የሩዝ ሊጥ ነው፣ በቀይ ስልስ ውስጥ የሚንተከተክ። ኪምቺ ጂጌን ቅመሱ፤ ቆይቶ ከኮመጠጠ የጎመን ኪምቺ የሚሠራ ወጥ ነው፣ ኮጮና እንጀራ ላሳደገው ምላስ እንግዳ አይሆንም። ዳክጋልቢን ቅመሱ፤ በበርበሬ ተለውሶ ከጎመንና ከስኳር ድንች ጋር በትልቅ ምጣድ የሚጠበስ ዶሮ ነው። ጾመኛ የሆናችሁ ግን ጠይቁ፤ ኪምቺ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከዓሣ የተዘጋጀ ማጣፈጫ ይገባል። ቡዴ ጂጌ የሚባለው "የጦር ሰፈር ወጥ" ደግሞ የአሳማ ሥጋ ስላለበት ለብዙዎቻችን አይሆንም። እሱ የጦርነት ልጅ ነው፤ ኮሪያውያን በረሃቡ ዘመን ከአሜሪካ ወታደሮች ሰፈር በወጣ ቆርቆሮ ሥጋ የፈጠሩት።

ያን ጦርነት እኛም እናውቀዋለን። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ገብቶ ተዋጋ፤ ከ120 በላይ ልጆቻችን ወደቁ። መታሰቢያቸው የቆመው በቹንቾን ከተማ ነው፤ በ1968 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው መርቀውታል። በዚያው ዓመት እዚያው አጠገብ "የኢትዮጵያ ቤት" የሚባል የቡና መጠጫ ተከፈተ። ዳክጋልቢ የገነነባት ከተማም ይህችው ቹንቾን ናት። እንግዲህ ከኮሪያ ማዕድ ጋር የተዋወቅነው በስልክ መስኮት አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንመለስ። በርበሬ የእኛም የኮሪያም አይደለም። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት እዚህም እዚያም የቀመሰው ሰው አልነበረም። ስለዚህ "የኛ በርበሬ ከነሱ በርበሬ" የሚለው ጠብ የሁለት እንግዶች ጠብ ነው።

ከጥንት የእኛ የሆነው ሌላ ነው። ካፋ ጫካ ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር የሚያድገው ኮረሪማ የዚሁ አገር ተወላጅ ነው፤ የሳይንስ ስሙ እንኳ "አፍራሞመም ኮረሪማ" ተብሎ የተወሰደው ከእኛው ቃል ነው። ጥምዝም እንዲሁ የጫካችን ቁንዶ በርበሬ ነው፤ ሐረጉ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ይወጣል። ያለ ኮረሪማ ሚጥሚጣ፣ ያለ ኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ ምን ጣዕም አለው? መከለሻስ ያለ ጥምዝ?

ይህን ኮረሪማ የውጭው ገበያ ምን ብሎ እንደሚጠራው ታውቃላችሁ? "ሐሰተኛ ሄል"። እውነተኛው የሕንዱ ነው፤ የእኛው ሐሰተኛ። ጥምዝ በአውሮፓ የቅመም ሱቆች በትንንሽ ብርጭቆ ታሽጎ ለምርጥ ምግብ አብሳዮች ይሸጣል። ቦንጋ ገበያ ላይ ግን ሁለቱም ስም የላቸውም። ኮረሪማው በገመድ ተሰክቶ ወይም በቁና ተሰፍሮ ይሸጣል፤ ሳይበስል የተለቀመው ከበሰለው ጋር ተደባልቆ፣ በአንድ ዋጋ። አዲስ አበባ ሲደርስ "ኮረሪማ" ብቻ ነው፤ የየትኛው ጫካ፣ የየትኛው ገበሬ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ኮሪያ በዚህ በኩል ምን አደረገች? ጎቹጃንግ የሚባለው የበርበሬ ድልህ ከሩዝ፣ ከተብላላ አኩሪ አተር፣ ከብቅልና ከጨው ጋር በእንስራ ወራትን ይቆያል። የአዋዜና የዳጣ የሩቅ ዘመድ በሉት። በእሱ የታወቀችው ሱንቻንግ ከ30 ሺህ ያነሰ ነዋሪ ያላት ወረዳ ናት። ሆኖም "የሱንቻንግ ባህላዊ ጎቹጃንግ" በሕግ የተመዘገበ የቦታ ስም ነው፤ ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኮሪያና የአውሮፓ ኅብረት የንግድ ስምምነት ስሙን ጠርቶ ይጠብቀዋል። ጃፓኖች "ኪሙቺ" እያሉ መሸጥ ሲጀምሩም ኮሪያውያን አኩርፈው አልተቀመጡም፤ ተሟግተው በ2001 የኪምቺን ደረጃ በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ አጸደቁ። በ2010 ለኪምቺ ብቻ የምርምር ተቋም አቆሙ። በ2013 የኪምቺ ዝግጅት ባህላቸውን፣ በ2024 የድልህ አሠራራቸውን በዩኔስኮ አስመዘገቡ። ልጆቻችንን የሚያስለቅሰው ፓኬት ከኋላው ይህን ሁሉ ሥራ ተሸክሞ ነው የመጣው።

"እኛ ደሃ ነን፤ ስም ዳቦ አይሆንም" የሚል መልስ እጠብቃለሁ። ሳምያንግ የመጀመሪያውን ፈጣን ኑድል ያወጣው በ1963 ነው፤ ያኔ ኮሪያ ጠግባ የምታድር አገር አልነበረችም። ደግሞስ እኛ ይህን መንገድ መቼ አጣነው? በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ የተነሣው የእኛው መንግሥት ነው። ስታርባክስን የሚያህል ኩባንያ ተከራክሮ በ2007 ለስምምነት ተቀመጠ። ስም ዳቦ ካልሆነ ስታርባክስ ለምን ተከራከረ? ዝም ስንል የሚሆነውንም በጤፍ አይተነዋል፤ አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት ፈጠራ የኔ ነው ብሎ ዓመታት ይዞት ቆየ፤ እስከ 2018 የሄግ ፍርድ ቤት እስኪሽርበት።

ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም። ኮረሪማና ጥምዝ ጥላ ይፈልጋሉ፤ ዛፉ ከተቆረጠ የሉም። የካፋ ጫካ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ዛፉን ቆሞ የሚያቆየው ግን የምስክር ወረቀቱ ሳይሆን የገበሬው ስሌት ነው። በጫካው ውስጥ የሚለቅመው ኮረሪማ ልጁን ትምህርት ቤት ካላስገባለት፣ በቦታው ባሕር ዛፍ ወይም ጫት ቢተክል በምን አፋችን እንወቅሰዋለን?

የሚጎድለን ተቋም አይደለም። ክልሉ አለ፣ ዞኑ አለ፣ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ጎረቤታችን ቴፒ የቅመም ምርምር አለ፣ የካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን አለ። "የካፋ ኮረሪማ" እና "የካፋ ጥምዝ" የሚሉትን ስሞች በገበሬዎቹ ማኅበራት ስም ያስመዝግቡ። የበሰለው ካልበሰለው ተለይቶ በተለያየ ዋጋ ይገዛ። ዳጣው በንጹሕ ጠርሙስ ታሽጎ፣ የካፋ ቅመም እንዳለበት ተጽፎበት፣ ከቡልዳኩ አጠገብ ይደርደር። ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አቁመናል፤ ለኮረሪማ ሙዚየም አልጠይቅም፣ መለያ ወረቀት ነው የምጠይቀው።

እናንተም በየቻናሉ የምትቆጡ ወንድሞችና እህቶች፣ የልጁን ኑድል ከእጁ አትንጠቁ። በሚቀጥለው ጊዜ መርካቶ ቅመም ተራ ስትገቡ ነጋዴውን "ይህ ኮረሪማ የየት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣ፣ ያን ጊዜ ተቆጡ።