«ገባ» ማለት «ገጠመ» ማለት አይደለም

ዛሬ የራሳችሁን ጋራዥ የከፈታችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ጽሑፍ ትንሽ ትረዝማለች፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሰሞኑን በመልእክት የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «መምህር፣ ሞተሬ ክሩዘር ናት፤ የኋላ ቸርኬዋ ተጣመመ። አዲስ አበባ ድረስ አስጠይቄ አጣሁ። የቦክሰር ሙሉ ጎማ ይገባል ብለውኛል፣ ላስገባ?» ደካም ሆነ ቦንጋ፣ ጭሪም ሆነ ዋቻ ያለ ልጅ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ጋራዥ የሚሰጠው መልስም ያው አንድ ነው፦ «ችግር የለውም፣ በሮንዴላ እናስገባዋለን።»

የኔ ምክር ሌላ ነው። የሌላ ሞተር ሙሉ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ሞዞ አትጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ቸርኬው ነው እንጂ ሞዞው ደህና ነው። ሞዞውን ይዞ ቸርኬውን ብቻ መቀየር፣ ሙሉውን ጎማ በሮንዴላ ከማስገባት ይሻላል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ክሩዘር የምንላት ወንበሯ ዝቅ ያለ፣ መሪዋ ወደ ነጂው የተሳበ፣ የኋላ ጎማዋ አጠር ወፈር ያለ ሞተር ናት። ነጂው ወደ ኋላ ስለሚቀመጥ ክብደቱ የሚያርፈው ይበልጥ የኋላው ጎማ ላይ ነው። ከኋላው ደግሞ ሰው ይጫናል፤ በቡና ወቅት ከሰውዬው ጋር ኬሻም ይጫናል። ስለዚህ በዚች ሞተር ላይ «ለጊዜው ትሂድበት» የማይባል ነገር ቢኖር የኋላ ጎማ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን እንይ። የባጃጅ አቬንጀር 220 የኋላ ጎማ 130/90-15 ነው። የሱዙኪ ጂኤን 125 የኋላ ጎማ 3.50-16 ነው፤ እሱን አስመስለው የተሠሩ የቻይና ሞተሮች ስላሉ የናንተ ከነሱ ከሆነች ስሟን ሳይሆን ጎማዋ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አገሩን የሞላው ባጃጅ ቦክሰር በተለመደው ዓይነቱ 3.00-17 ነው።

እዚህ ላይ ዓይን እንዴት እንደሚያታልል ተመልከቱ። በነዚህ የድሮ ዓይነት ቁጥሮች የጎማው ከፍታ ከስፋቱ ጋር ተቀራራቢ ነው። 3.50-16ን ስትደምሩት 16 ሲደመር ሁለት ጊዜ 3.5፣ 23 ኢንች ይመጣል። 3.00-17 ደግሞ 17 ሲደመር ሁለት ጊዜ 3፣ እሱም 23 ኢንች! ሁለቱን ግድግዳ ላይ ብታስደግፏቸው ቁመታቸው እኩል ነው። ሻጩም ሞተረኛውም ጎን ለጎን አቁመው አይተው «ያው ነው እኮ!» የሚሉት ለዚህ ነው። ቸርኬው ግን በአንድ ኢንች ይለያያል፣ ስፋቱ ይለያያል፣ መሐሉ ላይ ያለው ሞዞማ ጭራሽ የሌላ ፋብሪካ ዕቃ ነው። (ቋንቋችንም ያግዛል ለስህተቱ። ላስቲኩንም «ጎማ» እንላለን፣ ሙሉውንም «ጎማ» እንላለን። ሞዞ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ካቴና እያልን የጣልያኑን ስም ሁሉ ወርሰን፣ ለዚህ አንድ የተለየ ስም አጣን።)

ወደ ሞዞው እንግባ፤ ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ፔርኖው። ፔርኖው የሚያልፈው በኩሽኔታው ቀዳዳ ነው፣ ኩሽኔታው ደግሞ ጎኑ ላይ ቁጥር አለው። 6202 ወይም 6302 ካለ ቀዳዳው 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6203 ካለ 17፤ 6204 ካለ 20። በነዚህ ተከታታዮች መጨረሻው 02 ከሆነ 15፣ 03 ከሆነ 17፣ ከ04 ወዲያ በ5 እያባዛችሁ ሂዱ። ይሄን ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳልኩት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ፔርኖህ 17 ሆኖ የተገዛው ሞዞ ባለ 6202 ከሆነ አይገባም። ያኔ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፔርኖውን ማስላጥ ይመጣል፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ሞተርህ 17 ሚሊ ሜትር ብረት እንዲሸከማት ተሠርታ አንተ 15 ሰጠሃት ማለት ነው። በ6202 ፋንታ 6003 ማስገባት የሚያውቁ ጎበዞች አሉ፤ የውጭው ልክ ሁለቱም ላይ 35 ነው፣ የ6003 ቀዳዳ ደግሞ 17 ነው። ብልሃት ነው፣ አደንቃለሁ። ግን 6003 በ1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ነው፣ የሚሸከመው ጭነትም ያነሰ ነው። ለፊት ጎማ ቢሆን እከራከር ነበር፤ ለኋላ ጎማ፣ ያውም ለክሩዘር፣ አይሆንም።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክሩዘር ሲባል በዓለም ላይ መጀመሪያ የሚጠራው ሃርሊ ዴቪድሰን እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2008 በፊት በብዙ ሞዴሎቹ ላይ 1 ኢንች ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር ፔርኖ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ 25 ሚሊ ሜትር ሆነ። ልዩነቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ በዓይን አይታይም። እዚያም የድሮውንና የአዲሱን ሙሉ ጎማ ለማለዋወጥ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ኩሽኔታውን ነው።

ሁለተኛው ነገር ስፋት ነው። ጎማውን ከግራና ከቀኝ የሚይዙት ሁለት ክንዶች መሐል የተወሰነ ክፍተት አለ። የቦክሰሩ ሞዞ ከጠበበ የተረፈውን ቦታ በሮንዴላ ይሞሉታል። አራት ሮንዴላ በግራ፣ ሁለት በቀኝ፣ ዳዶውን ጥብቅ፣ አለቀ! አላለቀም። ሮንዴላ ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው የት ነው? የውስጡ ቀለበት ላይ ብቻ መሆን አለበት። ሰፊ ሮንዴላ ከሆነ የውጭውንም ይነካና ኩሽኔታው ይታሻል። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሐል ያለው ቱቦ ደግሞ ከጠፋ (ሲፈታ ወድቆ ጋራዥ ውስጥ የሚቀር ዕቃ ነው፣ ስንቴ አይቻለሁ!) ዳዶውን ባጠበቃችሁ ቁጥር ኩሽኔታውን በጎን እየጨፈለቃችሁት ነው። ሳምንት ሳይሞላው ይጮሃል። ሮንዴላው በግራና በቀኝ የተከፋፈለው በግምት ስለሆነም የኋላው ጎማ የፊቱን መስመር አይከተልም፤ ካቴናውም ከፒኞው ጋር ቀጥ አይልም። ያልቀናች ካቴና ጥርሱን ትበላለች። ይባስ ብሎ ወጥታ ጎማውን ትቆልፋለች።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ፍሬኑ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከበሮ ፍሬን ላይ የፍሬን ሸራዎቹ የተቀመጡበት ክዳን አለ። ፍሬን ስትይዙ ጎማው ያንን ክዳን ይዞት መዞር ይፈልጋል። እንዳይዞር የሚያደርገው ከክዳኑ ወደ ሞተሯ ክንድ የታሰረ አንድ ዘንግ ነው። የቦክሰሩ ክዳን ላይ የዘንጉ ማሰሪያ ያለበት ቦታ ከናንተ ሞተር ጋር ላይገናኝ ይችላል። ያኔ ምን ይደረጋል? በሽቦ ይታሰራል። ወይም ይተዋል። «ፍሬኑ እኮ ይይዛል!» ይላሉ፤ አዎ፣ ሜዳ ላይ በዝግታ ሲሞከር ይይዛል። አሁን ከቦንጋ ወደ ጅማ ስትሄዱ ወደ ጎጀብ የሚወርደውን መንገድ አስቡት። ዝናብ አለ (ከፋ ነው፣ መቼ የለም?)፣ ከኋላ ሰው ተጭኗል፣ ፍሬን በረጅሙ ይያዛል። ሽቦው ሲበጠስ ክዳኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ የፍሬን ዘንጉን ይጠቀልላል፣ ጎማው ባለበት ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። የኋላ ጎማ ስትቀይሩ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን ዘንግ አትርሱ፤ በራሷ ቡሎን፣ በራሷ ዳዶ፣ ከነመቆለፊያዋ።

የጭነት ነገርም አለ። ጎማው ላይ ከልኩ ቀጥሎ እንደ 50P ወይም 58P ያለ ጽሑፍ ታያላችሁ። 50 ማለት 190 ኪሎ፣ 58 ማለት 236 ኪሎ ነው። 46 ኪሎ ልዩነት በኛ ሒሳብ አንድ ኬሻ ነው። እግረ መንገዴን፣ ከዶት ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። «አዲስ ነው» ሲሏችሁ እሱን እዩ።

እና ምን ይደረግ? ሞተራችሁ ባለ ሽቦ ቸርኬ ከሆነች መንገድ አለ። የራሳችሁን ሞዞ ያዙ። ፔርኖው፣ ኩሽኔታው፣ የፍሬን ክዳኑ፣ ኮሮናው ሁሉ የራሷ ሆኖ ይቀራል፤ ከላይ የዘረዘርኩት ጣጣ በሙሉ ይቀራል ማለት ነው። ባለ 16 ቸርኬ ከተገኘ እሱ ነው ምርጡ። ካልተገኘ፣ ሞተራችሁ ባለ 3.50-16 ከሆነች፣ የቦክሰር ባለ 17 ቸርኬን በራሳችሁ ሞዞ ላይ ማስጠረብ ይቻላል። የሽቦ ቀዳዳው ቁጥር እኩል መሆኑን ቁጠሩ፣ የቀዳዳዎቹን ዝንባሌም አስተያዩ። ሽቦው ግማሽ ኢንች ገደማ የረዘመ ያስፈልጋል፤ የድሮውን ሽቦ ጎትቶ ማድረስ የለም፣ ክሩ በሁለት ጥርስ ብቻ ይዞ ይቀራል። ያ ያልኳችሁ 23 ኢንች እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ ቁመቷ አይለወጥም፣ ጉልበቷም አይለወጥም። የምታጡት የጭነት አቅም ነው፤ ስለዚህ ከሚገኘው ውስጥ የጭነት ቁጥሩ ከፍ ያለውን ጎማ ግዙ፣ ሦስተኛ ሰው አትጫኑ። ሽቦ አወጣጠርና ማቅናት የሚችል ሰው በየከተማው አለ። ብዙዎቹ በብስክሌት የጀመሩ ናቸው፤ እጃቸው ከኔ ይበልጣል።

አቬንጀር ላይ ይሄ ዘዴ አይሠራም። 130/90-15 ስታሰሉት 615 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፣ የቦክሰሩ 584 ነው፤ ስፋቱማ አይወዳደርም። እሷን በልኳ ማዘዝ ነው። ባለ አሉሚኒየም ቸርኬ የሆነች ሞተርም እንዲሁ፤ የተሰነጠቀ አሉሚኒየም በዌልዲንግ ይያዛል የሚላችሁን አትስሙ። የተጣመመውንም በእሳት አሙቆ በመዶሻ ማቅናት ብረቱን ያደክመዋል፤ ቀና ብሎ ስላያችሁት አይታመንም።

የምሰማው ተቃውሞ ይገባኛል። «መምህር፣ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጁ በየቀኑ በሞተሯ ነው የሚበላው። ዕቃው እስኪመጣ ምን ይብላ?» እውነት ነው። ሮንዴላ የሚደረድረውን ልጅም አልንቅም፤ በሌለ ዕቃ አገር ያቆመው እሱ ነው። ግን ልኬት እኮ ገንዘብ አይጠይቅም! ጥፋቱ ያለው ዕቃው በሚጠየቅበት መንገድ ላይ ይመስለኛል። ሶማሌ ተራ ላለ ሰው ይደወላል፣ «የክሩዘር የኋላ ጎማ አለ?» ይባላል፣ ፎቶ ይላካል፣ ብር ይላካል፣ ዕቃው በአውቶብስ ጣሪያ ይመጣል፣ አይሆንም። መመለስ የለም። እንዲህ ብላችሁ ብትጠይቁስ፦ «ቸርኬ 16፣ ቀዳዳ 36፣ ፔርኖ 15፣ ከበሮ 130፣ በክንዶቹ መሐል ይሄን ያህል»? ያኔ ሻጩ ወይ አለው ወይ የለውም። «ይሄ የሁሉም ነው» የሚል ሻጭ ግን ብራችሁን ይመልስ።

ሌላም በሆዴ ያለ ነገር አለ። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር የበቀለባቸው ሞተሮች ቆመዋል። ሞተራቸው የሞተ፣ ጎማቸው ግን ደህና የሆነ። ንብረት የማስወገድ ሥርዓቱ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ዝናብ እየመታቸው ዝገው ከሚያልቁ በወቅቱ ተጫርተው ቢወጡ፣ ስንት ሞዞና ስንት ቸርኬ ወደ ገበያው በገባ ነበር። ክሩዘር ልትገዙ ያሰባችሁም ውበቷን ካያችሁ በኋላ ለሻጩ አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ የኋላ ቸርኬዋ ለብቻው ይሸጣል? አሳየኝ በሉት።

አሁን አንድ ሥራ ልስጣችሁ፤ የቤት ሥራ ድሮም ትጠሉ ነበር። ጋራዥ ያላችሁ፣ የኋላ ጎማ በፈታችሁ ቁጥር የሞተሯን ስም፣ የቸርኬውን ልክና የቀዳዳ ብዛት፣ የኩሽኔታውን ቁጥር፣ የከበሮውን ስፋትና የካቴናውን ቁጥር (428 ነው ወይስ 520?) ጽፋችሁ ላኩልኝ። በክንዶቹ መሐል ያለውን ክፍተት በካሊፐር ለኩልኝ፣ በሜትር አይሆንም። ሁሉንም አንድ ሰንጠረዥ አድርጌ እዚሁ ገጼ ላይ እለጥፈዋለሁ። የሦስት ሞተር ልኬት ቀድሞ ደርሶኛል፤ አንዱ የፍሬን ክዳኑን ዘንግ ርቀት አልጻፈም፣ ራሱን ያውቃል።