የጎረቤት ግድግዳ፦ ለባልቲሞር ከንቲባ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ብራንደን ስኮት
የባልቲሞር ከተማ ከንቲባ

ክቡር ከንቲባ፣

በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌዎች ውስጥ ቡና ተይዞ ከአገር ቤት ፖለቲካ ቀጥሎ የሚነሳው ወሬ የቤት ነገር ነው። ታክሲ ነጂው፣ ነርሷ፣ ዕቁብ የወጣለት ሁሉ የዋሽንግተንን ዙሪያ ዋጋ አይቶ ዓይኑን ወደ እርስዎ ከተማ ይጥላል። በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ መስኮቱ በጣውላ የታሸገ፣ ጣሪያው ያፈሰሰ የጡብ ቤት በአንድ ያገለገለ መኪና ዋጋ ይገኛል። ይህ ደብዳቤ በአማርኛ የተጻፈውም ለዚህ ነው።

ቤቶቹ ለምን ባዶ እንደቀሩ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ አንባቢ ግን ይወቀው። እ.ኤ.አ. በ1950 ባልቲሞር 949,708 ነዋሪ ነበራት፤ በ2020 የተቆጠረው 585,708 ነው። ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ አቅም ያለው ወደ ከተማው ዳርቻ ወጣ፣ በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥት የብድር ካርታ በቀይ የለያቸው የጥቁሮች ሰፈሮች ደግሞ ማደሻ ብድር እያጡ አረጁ። አስተዳደርዎ በታኅሣሥ 2023 በ15 ዓመት 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠይቅ የባዶ ቤቶች ዕቅድ ይፋ ያደረገው ይህን ታሪክ ለመቀልበስ ነው።

በ2024 ደግሞ ከተማው በ1970ዎቹ በከንቲባ ሼፈር ዘመን የታወቀበትን የአንድ ዶላር ቤት መልሶ አመጣ። በአንድ ዶላር ማኪያቶ እንኳ አይገኝም! ሆኖም ገዢው ለእድሳቱ 90,000 ዶላር እንዳለው ማሳየትና ቤቱ ውስጥ 5 ዓመት መኖር አለበት። አልሚ ኩባንያ ከሆነ 3,000 ዶላር ይከፍላል። አንድ ቤት አድሶ ለማከራየት የሚፈልገው ባለ ትንሽ ጥሪት ከሁለቱ መሃል ይወድቃል። ቅድሚያ ለሚኖርበት ሰው መሰጠቱ ተገቢ ነው፤ በዚያ ላይ ክርክር የለም። ከአንድ ዶላርም ከ3,000 ዶላርም በላይ ሰውን የሚያከስረው ሌላ ነገር ነው።

ግድግዳው ነው።

የባልቲሞር ቤት ብቻውን አይቆምም። ግራና ቀኝ ካሉት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ የወለሉ ሙራሌዎች ጫፍ የሚያርፈውም በዚያው ግድግዳ ውስጥ ነው። ጎረቤት ያለው ባዶ ቤት ጣሪያው ሲወድቅ ዝናቡ በጡቡ ውስጥ ይሰርጋል፣ ጡቡን የያዘው ኖራ ይፍረከረካል፣ በዚህ በኩል አዲስ የተለሰነው ክፍል ማላብ ይጀምራል። የዚህኛው ቤት ባለቤት ገንዘቡን አፍስሶ የኤሌክትሪክ መስመሩን ቀይሯል፣ ቧንቧውን ዘርግቷል፣ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ለማከራየት የሚጠየቀውን የእርሳስ ቀለም ምርመራ አልፏል፣ ከ2019 ወዲህ አንድ ቤት ለሚያከራይም ግዴታ የሆነውን ፈቃድ አውጥቷል። ይህ ሁሉ ቁጥጥር ደግ ነው፤ ተከራይን ይጠብቃል። ከግድግዳው ማዶ ግን ማን ተቆጣጠረ? ማዶ ያለው ቤት የሞተ ሰው ስም ላይ ሊሆን ይችላል፣ የፈረሰ ኩባንያ ይዞታ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም የራሱ የከተማው ንብረት ነው።

ጉዳዩ የኪስ ብቻ አይደለም። ጥር 24 ቀን 2022 በስትሪከር ጎዳና አንድ ባዶ ቤት በእሳት ውስጥ ተደርምሶ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። እዚያው ቤት ውስጥ በ2015 በተነሳ እሳትም ሠራተኞች ቆስለው ነበር።

የወረቀቱም መንገድ ለአዲስ ገዢ ጠመዝማዛ ነው። በግብር ጨረታ የሚሸጠው ቤቱ ሳይሆን የቤቱ ዕዳ መሆኑን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው። መሬቱ ደግሞ ከቅኝ ግዛት ዘመን በወረደ ልማድ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቤቱን የገዛው በየዓመቱ የመሬት ኪራይ ይከፍላል። በ2007 የወጣው የሜሪላንድ ሕግ በመኖሪያ ቤት ላይ አዲስ እንዳይፈጠር ቢያግድም ነባሩ ቀጥሏል። ሊዝ የለመደ የአዲስ አበባ ሰው እንኳ ይህን ሲሰማ ግራ ይገባዋል።

ስለዚህ ከእርስዎ የሚጠየቀው የዋጋ ቅናሽ አይደለም። ከተማው ለሚሸጠው እያንዳንዱ ባዶ ቤት የግራና የቀኙ ቤት ማኅደር አብሮ ይውጣ፦ ባለቤቱ ማን ነው፣ መቼ ተመረመረ፣ ጣሪያው አለ ወይ፣ የጋራው ግድግዳ በምን ሁኔታ ላይ ነው። ማዶ ያለው የከተማው ከሆነ፣ ገዢው የእድሳት ቀነ ገደብ እንደሚሰጠው ሁሉ ከተማውም ጣሪያውን የሚከድንበትን ቀን በውሉ ላይ ይጻፍ። ሁለት ባዶ ቤቶች ጎን ለጎን ካሉ ለየብቻ ከመሸጥ ለአንድ ገዢ በአንድ ላይ ማቅረብ ይሻላል።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም፤ የሽያጭ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት አንድ የሕንፃ ተቆጣጣሪ መሰላልና ካሜራ ይዞ ጎረቤት ያለው ቤት ይግባ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር