ባልጩት በስለት አልተሸነፈም

ስለ ጥንት ምላጭ ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚደገም አባባል አለ፦ ሰው በድንጋይ የተላጨው የተሻለ ስላልነበረው ነው፤ አረብ ብረት ሲመጣ የበለጠው ስለት ያነሰውን ጣለው። ከድንጋይ ወደ መዳብ፣ ከመዳብ ወደ ነሐስ፣ ከነሐስ ወደ ብረት እንደ መሰላል የሚወጣ ታሪክ ተምረን ስላደግን ሳናመነታ እንቀበለዋለን። ችግሩ ሐሰት መሆኑ ነው።

ባልጩትን ለእኛ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። መልካ ቁንጡሬ አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ተጠርቧል፤ የሙሴ ሚስት ሲፓራ ልጇን በስለታም ድንጋይ ገርዛለች፤ በደቡባችን ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች ብረት በየገበያው እየተሸጠም በባልጩት ሲፍቁ ኖረዋል። እነዚህ ባለሙያዎች ለምን ብረቱን እንዳልመረጡ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም አላጋጠመኝም። ድህነት ነው ተብሎ ይታለፋል።

ለክርክሬ የሚበጀው ግን ሜክሲኮ ነው። ስፔናዊው ወራሪ ኤርናን ኮርቴስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1520 ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ የአዝቴኮችን ትልቅ ገበያ ሲገልጽ፣ ራስ የሚታጠብባቸውና የሚላጭባቸው የጸጉር አስተካካይ ቤቶች እንዳሉ ይናገራል። የሚላጩት በባልጩት ነበር። «ብረት ስለሌላቸው ነዋ!» የሚለኝ አይጠፋም። ብረትስ አልነበራቸውም፤ መዳብና ነሐስ ግን ነበራቸው፤ መጥረቢያና ቃጭል ይሠሩበት ነበር። ለጸጉር ሲሆን ወደ ድንጋዩ ተመለሱ። ምርጡ አረንጓዴ ቀለም የሚያንጸባርቀው የፓቹካ ባልጩት ነበር፤ የተቆፈረበትን ተራራ ስፔናውያን ራሳቸው የምላጭ ተራራ ብለው ሰይመውታል።

አሠራሩን ስፔናውያን መነኮሳት ጽፈው አቆይተውልናል። ሠሪው መሬት ላይ ይቀመጣል። ዙሪያውን ተጠርቦ የተዘጋጀውን የባልጩት ግንድ በሁለት እግሮቹ አጥብቆ ይይዛል፤ የረዥም እንጨት ጫፍ ግንዱ አፍ ላይ ያሳርፍና በእጁና በደረቱ ይጫናል። መምታት የለም፤ ግፊት ብቻ። ከግንዱ ዳር ቀጭን፣ ረዥም፣ ግራና ቀኙ የተሳለ ስለት ቷ ብሎ ይለቃል። ሞረድ አይነካውም፤ ቆዳ ላይ አይሳልም፤ ሲወለድ ስል ነው። ሠሪውም ግንዱን ትንሽ ዞር አድርጎ ቀጣዩን ያወጣል። አሜሪካዊው ዶን ክራብትሪ ይህን ጥበብ በራሱ እጅ ደጋግሞ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተመ። በኋላም ቀዶ ጥገና ሲያስፈልገው ሐኪሞቹ በሠራቸው የባልጩት ስለቶች እንዲቀዱት አድርጓል።

እ.ኤ.አ. በ1615 የታተመው የመነኩሴው ሁዋን ዴ ቶርኬማዳ መጽሐፍ ስለዚሁ ምላጭ የሚለው ነገር የክርክሩ ቁልፍ ይመስለኛል። በመጀመሪያው ጭረት ከአረብ ብረት ምላጭ ብዙም አያንስም፤ ቶሎ ይዶለዱማል፤ አንድ ጢም ለመጨረስ ሌላና ሌላ መቀየር ያስፈልጋል፤ ግን ርካሽ ነው። «ቶሎ ይዶለዱማል» የምትለዋን ሁሉም ያነሣታል፤ «ርካሽ ነው» የምትለዋን ማንም አያነሣትም። የሚጣል ነገር በዕድሜው አይመዘንም። ሌላ በቅጽበት የሚያወጣ ባለሙያ አጠገቡ ያለ ሰው፣ አሮጌውን ለምን ይሞርዳል?

በስለቱማ መነኩሴውም ድንጋዩን ሳይበድሉት አልቀሩም። ባልጩት መስታወት ነው፤ እንደ ብረት ቅንጣት በቅንጣት የተደረደረ ውስጥ የለውም። ስለዚህ ሲሰነጠቅ ጠርዙ እስከ ጥቂት ናኖሜትር ድረስ ይሳሳል፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮነኛ ነው። የአረብ ብረት ጠርዝ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአይጦች ላይ የታተመ ጥናት የባልጩት ቁስል ጠባሳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከብረቱ ጠባብ እንደነበረ አሳይቷል። በ21ኛው ቀን ልዩነቱ ጠፍቷል፤ ይሁን፤ የሚላጭ ሰው የሚያሳስበው የዛሬ ፊቱ ነው። ታማኝ የሚባለው ብረትም ቢሆን ያን ያህል ታማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች፣ ከምላጩ 50 ጊዜ የሚለሰልስ ጸጉር የብረቱን ጠርዝ ሊሸርፍ እንደሚችል አሳይተዋል።

ባልጩት ይሰበራል፣ ስባሪው ቆዳ ውስጥ ይቀራል የሚሉም አሉ። በጎን ከጫኑት አዎ፤ ሙያ የሌለው ሰው በማናቸውም ምላጭ ይቆረጣል።

ታዲያ ብረቱ ለምን አሸነፈ? በመጀመሪያ፣ እንደሚባለው ፈጥኖ አላሸነፈም፤ ሻልቶካን በተባለው የሜክሲኮ ከተማ የተቆፈረው መሬት ከስፔናውያን ወረራ በኋላም ባልጩት ሲሠራበት እንደቆየ ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ አረብ ብረት ያመጣው የበለጠ ስለት ሳይሆን ደጋግሞ የመሳል ዕድል ነው። ጠርዙ ሲታጠፍ ቆዳ ላይ ይቃናል፣ ሲዶለዱም ሞረድ ይመልሰዋል። የባልጩቱ ተራራ ሩቅ ለሆነበት፣ ድንጋይ ጠራቢ ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን በየጠዋቱ ቆዳ፣ ሲዶለዱምበትም ሞረድ ይዞ የሚታገለው ባለቤቱ ነው። ይህን ልፋት የወንድነት ሥርዓት አድርገው የሚያወድሱ አሉ፤ ለእኔ የብረቱ ዕዳ ነው።

ታጣፊው የብረት ምላጭ ራሱ የተጣለው በየትኛው ሐሳብ ነው? ተጠቅሞ በመጣል። ኪንግ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1903 የሚጣል ምላጭ ይዞ ገበያ ሲወጣ 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ሸጠ፤ ከዚያ በኋላ ዓለም ወደ እርሱ ዞረ። እንደ እኔ ጂሌት አዲስ ሐሳብ አላመጣም፤ የአዝቴኩን ጸጉር አስተካካይ ንግድ በብረት ደገመው። ለዚያውም በስንት መከራ! ሐሳቡ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1895 ሲሆን፣ ያን ያህል የሳሳ ብረት ጠንክሮ ስለት አይዝም ብለው ባለሙያዎች መልሰውታል። መሐንዲሱ ዊልያም ኒከርሰን መሣሪያውን ሠርቶ ምላጩ እስኪሸጥ ድረስ ስምንት ዓመት አለፈ፤ ባልጩቱ ያንኑ ስስ ስለት የሚሰጠው በአንድ ግፊት ነበር።