መጽሐፍ ለእይታ ነው ወይስ ለንባብ?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ሰንብቷልና ልተንፍሰው።

በቅርቡ ወደ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብዬ ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። መግቢያው ላይ ሰፊ የመስታወት ሣጥን ቆሟል። ውስጡ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ፤ ተቆልፎበታል።

«ይነበባል?» አልኩ።

«ለእይታ ነው» ተባልኩ።

ዞር ስል ልጆች ወንበር አጥተው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ደረጃው ላይ ያጠናሉ።

እንዴ! ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ እኮ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት እዚሁ አገራችን ነው፤ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በዚህ መጽሐፍ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ያስተማራትም ዲማ ነው። ታዲያ ዲማ አፍንጫው ሥር የሆነ የብቸና ልጅ የዲማን ታሪክ በመስታወት አሻግሮ ይየው?

«ይሰረቃል» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ አንዱ ቅጂ ይቆለፍ፤ ሌላው መደርደሪያ ላይ ይውጣ።

እኔ የማሳያ ጠላት አይደለሁም። ከሞጣ ወርዶ ዓባይ ላይ ያለውን የሰባራ ድልድይ ፎቶ ስቀሉ፣ የበላይ ዘለቀንም ስቀሉ። ግን ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ወለሉ ለጠረጴዛና ለወንበር ይለቀቅ። ሥሩም ስለነሱ የተጻፈ፣ በእጅ የሚነሳ መጽሐፍ ይቀመጥ።

«የቆሎ ተማሪ ዛፍ ሥር አይደል ቅኔ የሚቆጥረው?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ዛፍ ሥር ነው። መምህሩ ግን እውቀቱን አልቆለፈበትም!

ብቸናም ሞጣም ያላችሁ ልጆቼ፣ ዛሬ ቁልፉ እጃችሁ የገባ አላችሁ። ክፈቱት።